የጤነኞቹ ደም ከየት መጣ

ውጤቱን መጀመሪያ ያየሁት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ለሥራ በተከራየነው ቤት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ስሌቱን ጨርሶ ሥዕሉን ሲያወጣ የፕሮጀክቱ መሪ ዶክተር ከኋላዬ ቆመው ነበር። በስክሪኑ ግራ በኩል የጤነኞቹ፣ በቀኝ በኩል የሕመምተኞቹ የጂኖች ትስስር ተሥሏል። በጤነኞቹ በኩል ጂኖቹ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ሆነው ተበታትነዋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጭን መስመር ይታያል። በሕመምተኞቹ በኩል ግን አንድ ጂን መሐል ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ሁሉ በወፍራም መስመር ከእሱ ጋር ተያይዘዋል።

«ይኸው» አሉ ዶክተሩ ወንበር ስበው አጠገቤ እየተቀመጡ። «ስንፈልገው የኖርነው ይኸው ነው።»

ሥዕሉ ከልክ በላይ ንጹሕ ሆነብኝ። ከሰው ደም የተገኘ ነገር እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ደስ ከመሰኘት ይልቅ እጠረጥረዋለሁ።

በሽታው በኛ አገር ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሱና ሲነግዱ የኖሩ ሰዎችን ይይዛል። እግር ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሸታል። ግን አንድ ማሳ ላይ አብረው ካደጉ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይተወዋል። ፕሮጀክቱ የተጀመረውም ለምን እንደሚተወው ለማወቅ ነበር። ቡሬ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች የሕመምተኞችም የጤነኞችም ደም ተወሰደ። ፍኖተ ሰላም በሚገኝ ትንሽ ላብራቶሪ ህዋሶቹ ተለይተው በረዶ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ተላኩ። እዚያ እያንዳንዱ ህዋስ ለብቻው ተነበበ፤ በዚህ ህዋስ ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ ነው፣ የትኞቹ ዝም ብለዋል የሚለው ተመዘገበ። ለኔ የደረሰኝ ይህ ዳታ ነው። ደሙ ሲወሰድ አልነበርኩም። እኔ የስታቲስቲክስ ሰው ነኝ፤ ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የምጠራ።

ሥራዬ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት ጂኖች በብዙ ህዋሶች ውስጥ አብረው ከፍ፣ አብረው ዝቅ የሚሉ ከሆነ፣ አንዱ ሌላውን ያዛል፣ ወይም ሁለቱንም የሚያዝ ሦስተኛ አለ ብዬ በመካከላቸው መስመር እሰምራለሁ። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስተኛው በሽታ ሊሆን ይችላል። ሌላ ያላሰብነው ነገርም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥርጣሬ ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም። አባቴ በሕይወት ሳሉ በጃቢ ጠህናን ገጠር የወሰን ክርክር የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ምስክሮቹን ከመስማታቸው በፊት ማታ የት እንዳደሩ ይጠይቃሉ። አንድ ቤት አድረው የመጡ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ እንደ አንድ ምስክር ነው የሚቆጥሯቸው። ከአንድ ሰው ደም የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ህዋሶችም ለኔ አንድ ቤት ያደሩ ምስክሮች ናቸው። ብዛታቸው አያታልለኝም።

እና መፈተሽ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማን ሕመምተኛ፣ ማን ጤነኛ እንደሆነ የሚያሳየውን ምልክት አመሳቅዬ ለሰዎቹ በዘፈቀደ አደልኩና ስሌቱን ደጋግሜ አሠራሁት። መሐል ላይ የተቀመጠው ጂን ጠፋ፤ መስመሮቹም ረገፉ። ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ ሣቁ።

«አየሽ? ምልክቱ ሲመሳቀል ትስስሩ ከጠፋ፣ ትስስሩ የበሽታው ነው ማለት አይደለም?»

«ሁለቱ ቡድኖች ይለያያሉ ማለት ነው፤ የሚለያዩት በበሽታው ይሁን በሌላ ነገር ግን አይነግረንም» አልኩ።

«በሌላ በምን? ቀበሌያቸው አንድ፣ አፈራቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ።»

ቀጥዬ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አየሁት። ትስስሩ በአንዳንዱ ሕመምተኛ ብርቱ ነው፣ በአንዳንዱ ደካማ። እግሩ ክፉኛ ያበጠ ሰው ትስስሩም ይበረታል ብዬ ጠበቅሁ። አልሆነም። ገና ጀማሪ የሆነው ብርቱ ትስስር ሲያሳይ ለዘመናት የታመመው ደካማ ያሳያል። ዕድሜን ሞከርኩ፤ ወንድና ሴት መሆንን ሞከርኩ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ፣ ተስፋ በመቁረጥ ማለት ይሻላል፣ ቀበሌዎቹን ከፍኖተ ሰላም ባላቸው ርቀት ደረደርኳቸው። ያን ጊዜ ትስስሩ ደረጃውን ጠብቆ ተሰለፈ። ቀበሌው በራቀ ቁጥር ይበረታል።

እጄን ከኮምፒውተሩ አንስቼ ተቀመጥኩ። በሽታ ርቀት አይለካም። ርቀት የሚለካው መኪና ነው። ደም ከሰው ክንድ ወጥቶ ላብራቶሪ እስኪደርስ በቆየ መጠን ውስጡ ያሉት ህዋሶች ይጨነቃሉ፤ ሲጨነቁም አንድ ላይ የሚነሡ ጂኖች አሉ። መሐል ላይ የተቀመጠው ጂን ከነዚያ ጂኖች አንዱ መሆኑን መጽሐፍ ገልጬ አረጋገጥኩ።

ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ጤነኞቹም ከነዚያው ቀበሌዎች ነው የመጡት፤ ሰንጠረዡ እንዲያ ይላል። የእነሱም ደም በዚያው መንገድ፣ በዚያው መኪና ከመጣ ርቀቱ እነሱም ላይ መታየት ነበረበት። በጤነኞቹ ላይ ግን ሩቅም ቅርብም አንድ ነው። ወይ ጥርጣሬዬ ስህተት ነው፣ ወይ የጤነኞቹ ደም በዚያ መንገድ አልመጣም።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የማልናገረው ሌላ ነገርም ነበረኝ። ደም ከሰጡት ሕመምተኞች አንዷ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። የሳቸው ቁጥር የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። በኛ አገር ግን ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ ሲድር ሰው ይንሾካሾካል፤ ዘር ይጠቀሳል። ውጤቱ እንደ ወጣ ቢታተም «በጂን ነው፣ ተረጋገጠ» ተብሎ በሬዲዮ ይነገራል። ስለዚህ ራሴንም መጠርጠር ነበረብኝ። ውጤቱን የምፈልገው እንዲወድቅ ነው? ስህተት የማገኘው ስህተት ስላለ ነው ወይስ እንዲኖር ስለምመኝ?

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሹፌሩን ነው። ላህ ወንዝ ዳር መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ካወራን በኋላ ወደ ነገሬ ገባሁ።

«ከቡሬ ደም ስታመጣ መንገድ ላይ ብዙ ትቆዩ ነበር?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና ቀና ብሎ አየኝ። «ነዳጅ ጎደለ ተብሎ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ነዳጅ አይደለም። ስለ ደሙ ነው።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እህቴ፣ እኔ የምቀበለው ቀዝቃዛ ሳጥን ነው። ኬላ ላይ ቁም ስባል እቆማለሁ፣ እለፍ ስባል አልፋለሁ። ማንኩሳ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ቆመን ፀሐይ ስትጠልቅ የገባንበት ቀን አለ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«የጤነኞቹንም ደም አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«ሳጥኑ ላይ ጤነኛ፣ በሽተኛ የሚል አልተጻፈበትም» አለና ወደ ጎማው ዞረ። ማምሻውን ዶክተሩ ደውለው «ሹፌሩን ምን ብለሽው ነው?» ሲሉኝ ወሬው ከኔ ቀድሞ እንደደረሰ ገባኝ።

በማግሥቱ ቡሬ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጅ ከማይገባበት ጀምሮ በእግር። የበርበሬ ወቅት ነበር። ደጃፉ ሁሉ ቀይ ነው፤ አየሩም ያስነጥሳል። አክስቴን ያገኘኋቸው ግቢያቸው ውስጥ፣ እግራቸውን ፕላስቲክ መታጠቢያ ውስጥ ነክረው ነው። የፕሮጀክቱ ነርስ በሳሙና መታጠብና ቅባት መቀባት ካስተማረቻቸው ወዲህ በየቀኑ ያደርጉታል። እብጠቱ ቀንሷል፤ ሽታውም ጠፍቷል። ይህን ጥቅም አይክዱትም። ስለ ደሙ ግን ሌላ ነው።

«ደሜን ያዞራችሁበት አገር በዛ አሉ» አሉኝ፣ ገና ጉንጬን ስመውኝ ሳይጨርሱ። «እኔ ቡሬን አልፌ አላውቅም፤ ደሜ ባሕር ተሻገረ?»

«ለትምህርት ነው እትየ።»

«ትምህርቱን የተማረው ማን ነው ታዲያ?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፎጣ አቀበልኳቸውና እግራቸውን እያደረቁ ቀጥታ ጠየቅኳቸው።

«ደም በተሰጠ ጊዜ ከዚህ መንደር ጤነኞችም ሰጥተው ነበር፣ አይደለም?»

«ጤነኛ?» አሉ። ፎጣውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ማን ጤነኛ ሰጠ? እኛ እግረ ከባዶቹ ነን የሰጠነ። ሌላውማ ሸሸ።»

«ለምን ሸሸ?»

«የቀበሌው ሰው መጥቶ 'ለምርመራ ትፈለጋላችሁ' አለ። በዚህ ዘመን ለምርመራ ትፈለጋለህ ሲባል የሚቀመጥ ጎረምሳ አለ? ያኛውን፣ የፖሊሱን ምርመራ ነው ብሎ ግማሹ ቆላ ወረደ፣ ግማሹ ዘመድ ቤት ገባ። እኛ በሽተኞቹ መሮጥ ስለማንችል ነው የቀረን።» አልሣቁም። እኔም አልሣቅሁም።

«ሐኪሞቹ አላስረዱም?»

«አስረዱ እንጂ። ሰው ከሄደ በኋላ ለበሩ አስረዱ።»

«ታዲያ የጤነኞቹ ደም ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። አንቺ አይደለሽም የተማርሽ?» እግራቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ልጄን ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች አሉ፤ ከወዲያ ማዶ፣ ከአዊ ወገን ናቸው፣ ደኅና ቤት። የእናቲቱ እግር እንዲህ ነው መባሉን ሰምተዋል፤ ሰምተውም ዝም ብለዋል። አሁን እናንተ 'በዘር ነው' ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ዝም አይሉም። ልትጽፉ ነው?»

«ገና አላወቅነውም» አልኩ።

«ሳታውቁ ነው ወይስ አውቃችሁ ልትነግሩኝ ሳትፈልጉ?»

ማልኩላቸው። ማመናቸውን ግን ከፊታቸው አላነበብኩም። ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝ፤ ስሰናበታቸው ግን ከወትሮው ራቅ ብለው ነው የቆሙት።

ዶክተሩን ላብራቶሪው ውስጥ፣ ረፋድ ላይ አገኘኋቸው። እሳቸው ራሳቸው የቡሬ ገጠር ልጅ ናቸው፤ ይህን ፕሮጀክት ለማምጣት ለዓመታት ደጅ ጠንተዋል። ይህን ስለማውቅ አነጋገሬን መረጥኩ።

«ዶክተር፣ ጤነኞቹ ደም የሰጡት የት ነው?»

«ሰንጠረዡ ላይ አለ።»

«ሰንጠረዡ ቀበሌያቸውን ነው የሚለው። የሰጡበትን ቦታ ነው የምጠይቅዎ።»

ጓንታቸውን አወለቁ። «አክስትሽ ጋ ሄደሽ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«እሳቸው በዚህ ጥናት ውስጥ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ውጤቱ ዘር ላይ ከወደቀ ማንን እንደሚነካም ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሕመምተኛዋ ዘመድሽ ባይሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ ትቆፍሪ ነበር?»

ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄው ስለነበር አላስቆጣኝም። «አላውቅም» አልኩ። «ግን ርቀቱን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ቁጥሩ ውስጥ ነበር። እርስዎም ቢፈልጉ ያገኙታል። ይቀመጡና እናየው።»

ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። አዩት፤ ወደ ኋላ መለሱት፤ እንደገና አዩት። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ጤነኞቹ የዚያው ቀበሌ ተወላጆች ናቸው» አሉ። «እዚህ ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ። ተማሪ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ። መንደሩ ሲበተንብን ቀኑ እየሄደ ነበር። ደሙ አንድ ዘር፣ አንድ አገር ነው ብዬ አሰብኩ። ቀበሌ በሚለው ላይ የተወለዱበትን ጻፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም።»

«ደማቸውን የሰጡት እዚሁ ላብራቶሪ ነው?»

«እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ» አሉ በእጃቸው እያመለከቱ። አግዳሚው ህዋሶቹ ከሚለዩበት ክፍል በር አጠገብ ነው።

በዚያ ጊዜ ዶክተሩን አመንኳቸው ብል እዋሻለሁ። ይህን ያህል የሸሸጉ ሰው ሌላስ ምን ሸሽገዋል እያልኩ ሰንጠረዡን በሙሉ ከሥሩ እንደገና ፈተሽኩት። ሌላ ነገር አላገኘሁም። አለማግኘቴም አላረጋጋኝም።

ከዚያ ሐሳቡ መጣልኝ። በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደም ሰጠሁ። ደሜ በሁለት ብልቃጥ ተከፈለ። አንዱ ህዋሶቹ ወደሚለዩበት ክፍል ወዲያው ገባ። ሌላውን ቀዝቃዛው ሳጥን ውስጥ አድርገን ለሹፌሩ ሰጠነው፤ ቡሬ ደርሶ፣ ራቅ ወዳለው ቀበሌ ገብቶ፣ እንደ ወትሮው እየቆመ እንዲመለስ። ሹፌሩ ሳጥኑን ተቀብሎ «ደም ከዚህ ወደ ቡሬ ስወስድ የመጀመሪያዬ ነው» አለና በጥርጣሬ አየኝ። ሊሄድ ሲል ዶክተሩ እጀታቸውን ሰበሰቡ።

«የኔንም ውሰዱ» አሉ። «አንቺ ብቻሽን ከሆንሽ ነገ ደግሞ አንድ ሰው ነኝ ብለሽ ታፈርሽዋለሽ።»

ልክ ነበሩ፤ አፈርሰው ነበር።

ውጭ አገር ያለው ላብራቶሪ ከሌላ ሥራ ጋር አብሮ አነበበልን። ውጤቱ እስኪመጣ ወራት አለፉ። ኢንተርኔቱ እየጠፋ እየመጣ ስለነበር ዳታው ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የወረደልኝ። ሥዕሉን ስሠራው ዶክተሩ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ከኋላዬ አልቆሙም፤ ሌላ ክፍል ሄደው ጠበቁ። ወዲያው የገቡት ብልቃጦች፣ የኔም የሳቸውም፣ ጂኖቻቸው ተበታትነዋል። መንገድ የዋሉት ግን መሐል ላይ ያው ጂን፣ ዙሪያውን ያው ወፍራም መስመር። እኔ ታምሜ አላውቅም፤ እሳቸውም። ቢሆንም ሥዕሉ ሕመምተኞች ናችሁ አለን።

ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«በቃ?» አሉ። «አሁን ደስ አለሽ?»

«ደስ አላለኝም። ደግሞም ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሣቁ። «አንቺ ሴት፣ ለመጠርጠር ነው የተፈጠርሽው» አሉ። ጽሑፉን ለመላክ ተዘጋጅተው ነበር፤ አልላኩትም። ገንዘቡን ለሰጡት ሰዎች ደሙ እንደገና መሰብሰብ እንዳለበትና ለምን እንደሆነ ራሳቸው ጻፉ፤ ጤነኞቹን ከከተማ መውሰዳቸውንም ጭምር። ያንን ደብዳቤ ያለኔ እርዳታ ነው የጻፉት፤ ከላኩት በኋላ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሳቸው ያለኝ ጥርጣሬ እየሳሳ ሄደ። ፈጽሞ ጠፋ ግን አልልም።

ለሁለተኛ ጊዜ ደም ለመሰብሰብ ወደ መንደሩ ሲኬድ እኔም ሄድኩ። ምርመራ የሚለውን ቃል ማንም እንዳይናገር አስቀድመን ተስማማን። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ሰው ተሰበሰበ፤ ዶክተሩም ቆመው ባለፈው የተሠራው ስህተት እንደነበር፣ ደሙ መንገድ ላይ ስለቆየ እንዳሳሳተን ተናገሩ። አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ባለፈው አገኘን ያላችሁት ውሸት ነበር?»

«ስህተት ነበር አባቴ።»

«ለናንተ ሁለት ነገር ነው። ለኛ ያው አንድ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይሁን። ግን መርማሪ ሆናችሁ ነው የመጣችሁ ወይስ ሐኪም?» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቃሉን እኛ ብንሸሸው እነሱ አልረሱትም።

«ሐኪም» አሉ ዶክተሩ። «መርማሪ ብሆን ኖሮ ተሳስቻለሁ አልልም ነበር።»

ይህ መልስ ሥራውን ሠራ። ሁሉም ባይሆን የተወሰነው ክንዱን ሰጠ፤ ጤነኛውም ታማሚውም በአንድ አግዳሚ ተቀመጠ። የሁሉም ብልቃጥ አንድ ላይ ሆኖ፣ በአንድ ሳጥን፣ በአንድ መኪና ሄደ። መንገዱ ቢያቆየው ሁሉንም እኩል ያቆየዋል።

ከዚያ የወጣው ሥዕል ለዓይን የሚስብ አይደለም። ትልቁ ትስስር የለም። ህዋሶቹን ሳይሆን ሰዎቹን ምስክር አድርጌ ስቆጥር ጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ምናልባት እውነት ናቸው፤ ምናልባት ሌላ ያላሰብነው መንገድ ይኖራል። ጽሑፉ ውስጥ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ቃል ዶክተሩ እንዳበዛሁት ነገሩኝ። አንዱንም አላወጣሁም።

አክስቴ ዘንድ ለመንገር ስሄድ እንግዳ ነበራቸው። ልጃቸውን የጠየቀው ቤት አባት ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አክስቴ ጠላ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ እንግዳው ወደኔ ጠጋ አሉ።

«የዚህን አገር ደም ያየሽው አንቺ ነሽ ይባላል።»

«ቁጥሩን ነው ያየሁት አባቴ።»

«የልጅቱንም አይታችኋል። ሰጥታለች አሉ።»

«ማን እንደሰጠ፣ ምን እንደታየ ለማንም አልናገርም። ሕጉ ነው።»

ሰውየው ዱላቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «የሌለ ነገር ይደበቃል? ከደበቅሽው አለ ማለት ነው።»

እየታየ ያለው የአክስቴ ልጅ ዕጣ ነው፤ ዝም ብል ዝምታዬን ሊተረጉሙት ነው፤ ብናገር የማላውቀውን ልናገር ነው። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ፊታቸው ዘረጋሁት።

«ይኸው፣ እኔ የእናቲቱ የእህት ልጅ ነኝ። ከዚያው ዘር ነኝ። ይዩት። እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምራ ጫማ አልነሣችኝም። ዘር ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም፤ ቢሆንም እንኳ ጫማና ሳሙና የሚያስቆመው ነገር ነው። ይኽን አውቃለሁ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።»

እግሬን ጎንበስ ብለው አዩት። ቁርጭምጭሚቴን፣ ጣቶቼን፣ ተረከዜን። ሌላኛውን እንዳሳያቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ እሱንም አሳየኋቸው። አክስቴ ጠላውን ይዘው ሲመለሱ እኔ በባዶ እግሬ፣ እንግዳው ጎንበስ ብለው አገኙን። ጠላውን አኑረው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ይሁና» አሉ ሰውየው ቀና ብለው። ምኑ ይሁን እንዳሉ አልተናገሩም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በኛ ጥናት ምክንያት ይሁን ወይስ ጥናቱን ጨርሶ ባለማመናቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዳሱ ውስጥ የሙሽራው አባት የክብር ቦታ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከቤተ ዘመድ ጋር ወጥ አቀርባለሁ። ከፊታቸው ባለፍሁ ቁጥር ሰላምታዬን በትሕትና ይመልሳሉ። ከዚያም ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እግሬ ይወርዳል።